ፓርኩ ተጠብቆ መንገዱ ሲዘጋ፦ የሰሜን አሜሪካ የዱር እንስሳት ፍልሰት

በዋዮሚንግ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል፣ በግሪን ሪቨር ሸለቆ፣ የበረዶው ወራት ሲቃረብ በየከብት አርቢው አጥር ሥር ደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ። ቁመቱ ከፍየል ብዙም የማይበልጥ፣ ጀርባው ቀላ ያለ ቡናማ፣ ሆዱና ታፋው ነጭ፣ ቀንዱ ወደ ፊት አንድ ቅርንጫፍ ያወጣ እንስሳ በሙሉ ፍጥነት ሲጋልብ መጥቶ አጥሩ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። አይዘልም። አንገቱን ደፍቶ፣ ከታችኛው ሽቦና ከመሬቱ መካከል የሚያሾልክ ክፍተት እየፈለገ፣ አጥሩን ተከትሎ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ክፍተቱን ካገኘ በፊት ጉልበቶቹ ተንበርክኮ ይሾልካል፤ የሽቦው እሾህም ጸጉሩን እየነጨ ስለሚያስቀር፣ እንዲህ ሲሾልኩ የከረሙት እንስሳት ጀርባ ላይ ጸጉሩ የተመለጠ፣ ቆዳው የተጫረ መስመር ይታያል። ክፍተት ያላገኘው ግን ከኋላው በረዶ እየተከመረበት፣ ሊደርስበት የሚገባው ግጦሽ ከሽቦው ማዶ ሆኖ፣ እዚያው ይቀራል።

እንስሳው ፕሮንግሆርን ይባላል። አሜሪካውያን በዘልማድ አንቴሎፕ ቢሉትም በዘር ሐረጉ ከድኩላም ከአጋዘንም ወገን አይደለም። ከቤተሰቡ በሕይወት የቀረ ብቸኛ ዝርያ ሲሆን፣ ዛሬ በምድር ላይ ካሉት እንስሳት በዝምድና የሚቀርቡት የአፍሪካዎቹ ቀጭኔና ኦካፒ ናቸው። በሰዓት ወደ 90 ኪሎ ሜትር ስለሚሮጥ በፍጥነቱ ከአቦሸማኔ ቀጥሎ ይጠራል። በሰሜን አሜሪካ ዛሬ ይህን ያህል የሚያስሮጠው አዳኝ የለም፤ ብዙ ተመራማሪዎች ይህን ፍጥነት ያወረሰው ከ12,000 ዓመታት ገደማ በፊት የጠፋው አቦሸማኔ መሰል አውሬ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ገላጣ ሜዳ ላይ ለኖረ እንስሳ መሮጥ እንጂ መዝለል አላስፈለገውም ነበር። እሾሃማው ሽቦ በኢሊኖይ ገበሬው በጆሴፍ ግሊደን ስም የፈጠራ መብት ያገኘው በ1874 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከዚያ ወዲህ ያለፈው ጊዜ ለሰው ልጅ አምስትና ስድስት ትውልድ ቢሆንም ለአንድ ዝርያ ተፈጥሮ ግን እንደ ትናንት ነው።

ስለ ሰሜን አሜሪካ የዱር እንስሳት ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የመዳን ታሪክ ነው፤ ታሪኩም እውነት ነው። የሎውስቶን በ1872 ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ሲከለል በዓለም የመጀመሪያው ነበር። በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር የነበረው ጎሽ መሰሉ ባይሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሊጠፋ ሲቃረብ፣ በየሎውስቶን ውስጥ የቀሩት በ1902 ከሁለት ደርዘን አይበልጡም ነበር፤ ዛሬ በሺዎች ይቆጠራሉ። ተኩላዎች ከፓርኩ ሙሉ በሙሉ ከጠፉ ከብዙ አስርት ዓመታት በኋላ፣ በ1995 እና በ1996 ከካናዳ 31 ተኩላዎች ተወስደው ተለቀቁ፤ ዘራቸውም ዛሬ በየተራራው ይጮኻል። ይህን ማቃለል ግፍ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ አንድ ትልቅ ጉዳይ ሸፍኖብናል፤ እንስሳቱ ተጠብቀው የሚኖሩት በፓርኩ ውስጥ ነው ብለን እንድናምን አድርጎናል።

የየሎውስቶን ድንበር የተሰመረው የእንስሳትን ኑሮ ተከትሎ አልነበረም። የተፈለገው ፍል ውሃውንና የምድሩን አስደናቂ ገጽታ ከግል ይዞታ ማዳን ስለነበር፣ በካርታው ላይ የሚታየው አራት ማዕዘን የሚቀርብ ቅርጽ ነው። አምባው በአማካይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ከአዲስ አበባ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ቢሆንም፣ በዚያ ኬክሮስ ላይ ይህ ከፍታ ማለት ለብዙ ወራት ሣሩን የሚቀብር በረዶ ማለት ነው። ስለዚህ ኤልክ የሚባለው ትልቅ የአጋዘን ወገን፣ ሌሎች አጋዘኖችና ፕሮንግሆርን በሙቀቱ ወራት ደጋውን ሲግጡ ቆይተው በረዶው ሲጀምር ወደ ቆላው ይወርዳሉ። ቆላው ደግሞ የከብት እርባታ፣ የጋዝ ጉድጓድ፣ የአውራ ጎዳናና የመኖሪያ ቤት መሬት ነው። ዊሊያም ኒውማርክ የተባለው ተመራማሪ በ1987 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት ባወጣው ጥናት የምዕራብ ሰሜን አሜሪካን ፓርኮች መርምሮ፣ ብዙዎቹ ከተከለሉ በኋላ አጥቢ እንስሳት እንደጠፉባቸውና ጥፋቱም በትንንሾቹ ፓርኮች እንደሚበረታ አሳይቷል። በዙሪያው ያለው መሬት ሲለወጥ ፓርኩ በባሕር እንደ ተከበበ ደሴት ይሆናል፤ ደሴት ላይ የቀረ እንስሳም ዘሩ ሲመናመን ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካው አያገኝም።

ፍልሰቱ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ መረዳት የጉዳዩ ልብ ነው። በጸደይ በረዶው ከታች ወደ ላይ እየቀለጠ ሲሄድ፣ ከሥር ከሥሩ የሚበቅለው ለጋ ሣርና ቅጠልም እንዲሁ ከቆላ ወደ ደጋ እየተከተለ ይወጣል። ተመራማሪዎች ይህን አረንጓዴው ማዕበል ይሉታል። ለጋው ቡቃያ በቀላሉ የሚፈጭና በምግብ ይዘቱ የላቀ ስለሆነ፣ እንስሳቱ በአንድ ቦታ ቆመው ሣሩ እስኪጠነክርባቸው አይጠብቁም፤ ከማዕበሉ ጋር እኩል እየተራመዱ፣ ጥሩ ግጦሽ ያገኙበት ቦታ ላይ ቀናትን እያሳለፉ ይወጣሉ። በበረዶው ወራት ደግሞ ከቆላው ሜዳ የሚያገኙት ዋና ምግብ ሴጅብራሽ የሚባለው አመድማ ቁጥቋጦ ነው። ይህ ተክል ከእኛው አሪቲና ጭቁኝ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ዝናብ ሲመታው ከሜዳው የሚነሳውን ሽታ ያሸተተ ኢትዮጵያዊ ዝምድናው ሳይነገረውም ሊጠረጥር ይችላል።

ጆሮዎቹ እንደ በቅሎ ስለሆኑ በእንግሊዝኛ በበቅሎ ስም የሚጠራው አጋዘን በዚህ ረገድ ብዙ አስተምሯል። ሆል ሶየር የተባለው የሥነ ሕይወት ባለሙያ በአጋዘኖች አንገት ላይ ጂፒኤስ አስሮ ሲከታተል፣ ኢንተርስቴት 80 ከሚባለው አውራ ጎዳና በስተሰሜን፣ ሬድ ዴዘርት በተባለው በረሃ የከረሙት በጸደይ ተነስተው 240 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እስከሚገኘው የሆባክ ተራራማ አካባቢ እንደሚጓዙ ደረሰበት። ግኝቱ በ2014 ይፋ ሲሆን እዚያው ተወልደው ያረጁ አርቢዎችን ሳይቀር አስገርሟል፤ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ እንስሳት በሰው ደጃፍ ሲያልፉ፣ ሁሉም የሚያየው በራሱ ማሳ ላይ ያለችውን ቁራጭ ብቻ ነበርና። ከዚያ በኋላ 255 የሚል ቁጥር የተሰጣት አንዲት እንስት አጋዘን ከዚያው በረሃ ተነስታ ኢዳሆ ግዛት ድረስ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄድ ተገኘች፤ በመንገዷ ላይ ወንዝ፣ አውራ ጎዳና፣ የተራራ ሰንሰለትና ቁጥሩ የበዛ አጥር ነበረባት።

መንገዱን ማን ነገራት? በ2018 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የሚያሳስብ መልስ ሰጥቷል። በምዕራብ አሜሪካ ብዙ ቦታ ጠፍተው የነበሩ ትልቅ ቀንድ ያላቸው የዱር በጎች ከሌላ አካባቢ እየተያዙ ወደ ቀድሞ መኖሪያቸው ሲመለሱ ቆይተዋል። ተመራማሪዎቹ እነዚህን አዲስ ሰፋሪዎች በዚያው አገር ከ200 ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ከኖሩ መንጋዎች ጋር አነጻጸሩ። ነባሮቹ በጎች በአብዛኛው ይፈልሳሉ፤ አዲስ ከመጡት መካከል ግን የሚፈልሱት ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ተራራው ያው፣ ሣሩ ያው፣ ዝርያውም ያው ሆኖ ሳለ አዲሶቹ መሄጃቸውን አያውቁም። አብዛኛው መንጋ መፍለስ እስኪለምድ ለበጎቹ 40 ዓመት ያህል፣ ሙስ ለሚባለው ግዙፍ አጋዘን ደግሞ እስከ 90 ዓመት የሚፈጅ ሆኖ ተገኝቷል። ፍልሰት በደም ብቻ የሚወረስ አይደለም ማለት ነው፤ ግልገል እናቱን ተከትሎ የሚማረው፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚተላለፍ ዕውቀት ነው። ስለዚህ አንድ መተላለፊያ ተዘግቶ መንገዱን የሚያውቁት እንስሳት ሲያልቁ፣ ነገ አጥሩን ብናነሳውና በምትካቸው ሌሎች እንስሳትን በመኪና ጭነን ብናመጣ እንኳ ዕውቀቱ አብሮ አይመጣም። ይህ ጥናት ከወጣ በኋላ አጥር መንቀል ይዋል ይደር የሚባል ሥራ ሊሆን አይገባውም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከእነዚህ መንገዶች በዕድሜም በታሪክም ጎልቶ የሚጠቀሰው ከግራንድ ቲተን ብሔራዊ ፓርክ እስከ ግሪን ሪቨር ሸለቆ የሚዘልቀው የፕሮንግሆርን ጎዳና ነው። ፓይንዴል ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ትራፐርስ ፖይንት በሚባለው ቦታ፣ በሁለት ወንዞች መካከል መሬቱ ይጠብባል፤ በቁፋሮ የተገኙ አጥንቶችና የድንጋይ መሣሪያዎች የጥንት አዳኞች የዛሬ 6,000 ዓመት ገደማ እዚያው ጠባብ ላይ ሆነው ፕሮንግሆርን ያድኑ እንደነበር ይመሰክራሉ። በ2008 የብሪጀር ቲተን ብሔራዊ ደን በክልሉ ውስጥ የሚያልፈውን የመንገዱን ክፍል በመከለል፣ በአሜሪካ በፌዴራል መንግሥት ደረጃ የመጀመሪያውን የፍልሰት መተላለፊያ ሰየመ። በ2012 ደግሞ ግዛቲቱ በዚያ በሚያቋርጠው አውራ ጎዳና ላይ ሁለት አፈርና ሣር የለበሱ ድልድዮችና ስድስት ከመንገዱ ሥር የሚያሳልፉ መሿለኪያዎች ሠራች፤ የሚገጩት እንስሳትም በእጅጉ ቀነሱ። አጋዘኖቹ መሿለኪያውን ይመርጣሉ፤ ዙሪያውን አርቆ ማየት የሚፈልገው ፕሮንግሆርን ግን በድልድዩ ላይ ይሻገራል። የሚያስደስት ሥራ ነው። ነገር ግን የተከለለው የሰሜኑ ክፍል ብቻ ነው። ከደኑ ወሰን በስተደቡብ ያለው፣ እንስሳቱ በረዶውን የሚያሳልፉበት ሜዳ፣ ለብዙ ዓመታት ተመሳሳይ ጥበቃ ሳያገኝ ቆይቷል።

እዚያ ሜዳ ላይ ያለው ችግር በመጀመሪያ አጥር ነው። በ2021 የወጣ የዌንጂንግ ሹና የባልደረቦቿ ጥናት በዋዮሚንግ ጂፒኤስ ያሰሩ እንስሳትን ተከትሎ፣ አንድ የበቅሎ ጆሮ አጋዘን በዓመት በአማካይ 119 ጊዜ፣ አንድ ፕሮንግሆርን ደግሞ 248 ጊዜ ከአጥር ጋር እንደሚገናኝ፣ ከአሥር ግንኙነት በአራቱ ያህልም እንስሳው አካሄዱን ለመቀየር እንደሚገደድ አስልቷል። ዞሮ መሄድ፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ አጥሩን ተከትሎ መንከራተት ሁሉ ጉልበት ያስከፍላል፤ ያ ጉልበት ደግሞ በቆዳው ሥር ካከማቸው ስብ የሚወጣ ነው። የካቲት ላይ ያለቀ ስብ እስከ ሚያዝያ አይተካም።

ሁለተኛው ጋዝ ነው። ከፓይንዴል በስተደቡብ ፓይንዴል አንቲክላይን የሚባለው የተፈጥሮ ጋዝ ክምችት ከ2000 ወዲህ በስፋት ሲቆፈር፣ በዚያ የሚከርሙትን አጋዘኖች ተመራማሪዎች ለ15 ዓመታት ያህል በጥናት ተከታተሏቸው። ብዙ ሰው አውሬ ይለምዳል ብሎ ያስባል፤ አጋዘኖቹ ግን አልለመዱም። ከጉድጓዶቹ በአማካይ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ መራቃቸውን አላቆሙም፤ በልማቱ ዘመንም ቁጥራቸው በ36 በመቶ ቀነሰ። እንዲህ መሬት የጠበበበት መንጋ ከባድ ዓመት ሲመጣበት ምን እንደሚሆን ከ2022 ወደ 2023 የተሻገረው የበረዶ ወቅት አሳይቷል። በረዶው ቀደም ብሎ መጣ፣ ጠንክሮ እንደ ድንጋይ ሆነ፣ አልሄድ አለ፤ በፓይንዴል አካባቢ ላይም ማይኮፕላዝማ ቦቪስ የተባለ የሳንባ ምች የሚያስከትል ባክቴሪያ ተጨመረበት። የዚያ አካባቢ የፕሮንግሆርን መንጋ ግማሽ ያህሉን አጣ። በረዶ የተፈጥሮ ነው፤ ድሮም ነበር። ድሮ ግን እንስሳቱ በረዶው ሲብስ ገፍተው ወደ ደቡብ፣ በረዶው ወደሚቀልበት መሸሽ ይችሉ ነበር።

አሁን ወደ ደቡብ የሚሸሽ እንስሳ ኢንተርስቴት 80 ላይ ይቆማል። ይህን አውራ ጎዳና ብዙ ኢትዮጵያውያን ያውቁታል፤ ከዴንቨር፣ ከሲያትልና ከሌሎች ከተሞች እየተነሱ ከባድ መኪና የሚያሽከረክሩ ወገኖቻችን በነፋሱና በበረዶው ሲያማርሩት ኖረዋል። በዋዮሚንግ ውስጥ ብቻ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል፤ በሁለቱም ዳር አጥር አለው፤ የከባድ መኪናው ጎርፍም ሌሊት አይቋረጥም። ጂፒኤስ ያሰሩ እንስሳት እንቅስቃሴ በካርታ ላይ ሲሣል፣ መስመሮቹ ከሰሜንም ከደቡብም መጥተው በዚህ ጎዳና ላይ እንደ ግድግዳ ይቆማሉ። ሌሊት በመብራቱ ጥግ ሁለት የሚያበሩ ዓይኖች ያየ አሽከርካሪ ጉዳዩ የእንስሳት ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል፤ የፌዴራሉ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በአገሪቱ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪዎች ከትላልቅ እንስሳት ጋር እንደሚጋጩና ወደ 200 ሰዎች በዚህ ሳቢያ እንደሚሞቱ ይገምታል።

መድኃኒቱ እንዳለ ካናዳ አስቀድማ አሳይታለች። በባንፍ ብሔራዊ ፓርክ የሚያልፈው ጎዳና ከ1980ዎቹ ጀምሮ አጥር እየተበጀለት፣ ስድስት ከላይ የሚያሻግሩ ድልድዮችና 38 ከሥር የሚያሳልፉ መተላለፊያዎች ተሠሩለት፤ ግጭቱም ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። ግሪዝሊ ድቦች ድልድዩን አምነው ለመሻገር እስከ አምስት ዓመት ወስዶባቸዋል፤ ይህም ሥራ በአንድ የምርጫ ዘመን ውጤት ለሚፈልግ ሰው የማይመች መሆኑን ያሳያል። አሜሪካም በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለአምስት ዓመት የሚሆን 350 ሚሊዮን ዶላር ለእንስሳት መሻገሪያ መደበች። በዴንቨርና በኮሎራዶ ስፕሪንግስ መካከል፣ ግሪንላንድ በተባለው ቦታ፣ ባለ ስድስት መስመሩን ኢንተርስቴት 25 የሚያሻግር ሰፊ ድልድይ በ2025 የተገነባው በዚሁ መንፈስ ነው።

የመንገድ መዘጋት በከተማ ውስጥ ምን እንደሚመስል ደግሞ ሎስ አንጀለስ ላይ ታይቷል። ፒ 22 የሚል መለያ የተሰጠው ተባዕት ፑማ (የተራራ አንበሳ የሚባለው የድመት ወገን አውሬ) ከምዕራቡ ተራራ ተነስቶ ሁለት ግዙፍ አውራ ጎዳናዎች ተሻግሮ በ2012 በግሪፊዝ ፓርክ በካሜራ ታየ፤ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለችው ትንሿ ኢትዮጵያ ብዙም አይርቅም። አንድ ተባዕት ፑማ ወደ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ግዛት ሲያስፈልገው፣ እሱ ግን ወደ 17 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን ፓርክ ውስጥ አንድም እንስት ሳያገኝ አሥር ዓመት ኖረ። በታኅሣሥ 2022 በበሽታና በጉዳት ተዳክሞ ስለተገኘ ሐኪሞች ስቃዩን ለማሳጠር በመድኃኒት አሳረፉት። እሱ በተነሳበት ተራራ የቀሩት ፑማዎች ደግሞ እርስ በርስ ከመራባት የተነሳ ጅራታቸው የተቆለመመ ሆኖ መወለድ ጀምረዋል። አሥር መስመር ባለው 101 አውራ ጎዳና ላይ በ2022 ግንባታው የተጀመረው ታላቅ መሻገሪያ የታሰበው ለእነርሱ ነው።

ድልድዮቹን አከብራለሁ፤ ሆኖም ዋናው ጉዳይ ድልድይ ነው ብዬ አላምንም። ድልድይ መንገዱን በአንድ ነጥብ ይከፍታል፤ መንገዱ ግን መቶዎች ኪሎ ሜትር ነው። በዋዮሚንግ ግማሽ የሚጠጋው መሬት የፌዴራል መንግሥት ነው፤ እንስሳቱን የማስተዳደር ሥልጣን የግዛቲቱ ነው፤ ውሃ ያለበትና በረዶው የሚቀልበት ሸለቆ ግን አብዛኛው የግለሰብ ነው። አንድ አርቢ ዕድሜው ገፍቶ መሬቱን ሲሸጥ የሚገዛው ሌላ አርቢ ከሆነ አጋዘኑ ማለፉን ይቀጥላል፤ ተሸንሽኖ ለመኖሪያ ቤት ከተሸጠ ግን አጥር፣ ውሻ፣ መብራትና የመኪና መንገድ በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። በዚህ ምክንያት በተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎችና በአርቢዎች መካከል ያለውን የቆየ መቃቃር ለማርገብ፣ አርቢው መሬቱን ሳይሸነሽን በማቆየቱ ክፍያ እንዲያገኝ የሚደረገው ስምምነት ከብዙ ድልድይ የበለጠ ዋጋ አለው። የታችኛውን ሽቦ እሾህ በሌለው ተክቶ ከመሬት ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ማድረግም ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ከብቱንም አያሾልክም።

የመዘግየት ዋጋ በገንዘብ የሚታይበት ቦታም አለ። በፍሪሞንት ሐይቅ ጫፍ፣ ሬድ ዴዘርት ላይ የከረሙት አጋዘኖች በሐይቁና በፓይንዴል ከተማ መካከል በጥቂት መቶ ሜትሮች ስፋት ተጨናንቀው የሚያልፉበት 364 ኤከር መሬት ለመኖሪያ ቤት ሊውል ሲል፣ ዘ ኮንሰርቬሽን ፈንድ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ደርሶ ገዛው፤ አጥሩ ተነስቶ ለእንስሳቱ ተተወ። በግራንድ ቲተን ፓርክ ክልል ውስጥ የነበረው የኬሊ ይዞታ ደግሞ 640 ኤከር ብቻ ነው። መሬቱ የትምህርት ቤቶች ገቢ እንዲያስገኝ የተተወ የግዛቲቱ ንብረት ስለነበር፣ ለገበያ ሊወጣ ሲል ብዙ ክርክር አስነሳ፤ በታኅሣሥ 2024 በፌዴራል ገንዘብና በለጋሾች መዋጮ ወደ ፓርኩ ሲጠቃለል የተከፈለው 100 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ፕሮንግሆርኖቹ በየዓመቱ ያልፉበታል፤ ከዚያ ወጥተው ግን ለብዙ ዓመታት ሳይከለል የቆየው ሜዳ ይጠብቃቸዋል።

በዚያው በ2024 ሌላ ነገር ሆነ። በየሎውስቶን ዙሪያ ያሉት ግሪዝሊ ድቦች ወደ 1,000 ቢደርሱም፣ በሰሜን ሞንታና ካሉት ወገኖቻቸው ጋር ሳይዋለዱ ብዙ አስርት ዓመታት አልፈዋል። በሁለቱ መንጋዎች ጠርዝ መካከል የቀረው ርቀት ለድብ የጥቂት ቀናት ጉዞ ነው፤ መካከሉ ግን መንገድ፣ እርሻና መንደር ነው። ስለዚህ በሐምሌ ወር ማብቂያ ባለሙያዎች አንዲት እንስትና አንድ ተባዕት ድብ ከሰሜን ሞንታና አጥምደው፣ በመኪና ጭነው፣ አውራ ጎዳናውን ይዘው ወደ ደቡብ ወርደው በየሎውስቶን አካባቢ ለቀቋቸው።